ስቡ ከየት መጣ?

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከቆቦ፣ ከባቲ ተጽፎልኛል። ሁሉም በየፊናው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዶሮዋ የበላችው ነገር ሥጋዋን ምን ያደርገዋል?

አዲስ ለሆናችሁ አንባቢዎች ማንነቴን በአጭሩ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። 19 ዓመት የእንስሳት መኖ ስደባልቅ ኖሬአለሁ። አሁን ጓሮዬ ውስጥ 300 የሥጋ ዶሮ አለኝ። ሐኪም አይደለሁም። ዶሮ ሲታመምባችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። ስለ መኖ ከሆነ ግን እናውራ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ደሴ ነው የምኖረው። 150 የሥጋ ዶሮ ይዤ ለአንድ ሆቴል አቀርባለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ሆቴሉ ትዕዛዝ ስለቀነሰ ዶሮዎቹን እስከ ፋሲካ አቆየኋቸው። ዕድሜያቸው 70 ቀን አለፈ። የፊኒሸር (የማጠናቀቂያ) መኖ ዋጋም ሰማይ ስለነካ ከራሴ በቆሎ ጋር እኩል በእኩል እየደባለቅኩ ሰጠኋቸው። በመጨረሻ 30 ዶሮ አርጄ ብወስድ የሆቴሉ ሼፍ «ሥጋ ነው ያዘዝኩሽ፣ ሞራ አይደለም» ብሎ መለሰብኝ። እውነቱን ነው፤ ሆዳቸው ውስጥ ቢጫ ስብ እንደ ቅቤ ተቆልሏል። እኔ ግን ዘይትም ሆነ ቅባት አልሰጠኋቸውም። ስቡ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከጉበታቸው ነው የመጣው፣ እህቴ።

ብዙ ሰው ስብ የሚመጣው ከስብ ይመስለዋል። በግን ብታይ ስቡን የሚሠራው ስቡ በሚቀመጥበት ቦታ፣ እዚያው ላቱና ከቆዳው ሥር ነው። ዶሮ እንደዚያ አይደለችም። የራሷን ስብ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የምትሠራው ጉበቷ ውስጥ ነው። ጉበቷ ከሠራው በኋላ በደም ጭኖ ወደ ሆዷ፣ ወደ ቆዳዋ ሥርና ወደ ጭኗ ይልከዋል። ጥሬ ዕቃው ደግሞ ቅባት ብቻ አይደለም። ዋናው ስታርች፣ የእህሉ ዱቄታማ ክፍል፣ ነው። ያ የራስሽ በቆሎ ማለት ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ጥሩ ፊኒሸር 19 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። ጉልበቱ በኪሎ 3,100 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው። ብናካፍለው ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ፕሮቲን 163 ኪሎ ካሎሪ ይደርሰዋል። በቆሎ ፕሮቲኑ 8.5 በመቶ ገደማ ነው። ጉልበቱ ግን 3,350 ይደርሳል። ሁለቱን እኩል ስትደባልቂ ፕሮቲኑ ወደ 13.75 ወረደ፤ ጉልበቱ ወደ 3,225 ወጣ። አሁን ስናካፍለው 235 ገደማ ይመጣል። ከ163 ወደ 235! ሼፉ የመለሰብሽ ይህን ቁጥር ነው።

ሊጥ ሞልቶ ምጣድ የጠፋበትን ቤት አስቢ። ሊጡ አይጠብቅም፤ ገንፍሎ ይፈሳል። ዶሮዋም ሥጋ ልትሠራ ትፈልጋለች። ሥጋ ግን ያለ ፕሮቲን አይሠራም። የሚገርመው፣ የጎደላትን ፕሮቲን ለማግኘት ስትል ጭራሽ አብዝታ ትበላለች። አብዝታ በበላች ቁጥር የሚተርፈው ጉልበት ይጨምራል። ጉበቷም የተረፈውን ወደ ስብ ይለውጠዋል። አንቺ መኖ የቆጠብሽ መስሎሽ በቆሎሽን ወደ ሞራ ስትቀይሪ ነው የከረምሽው።

ስለ ዘይት ካነሳን አይቀር፣ ሰው የማያምነኝ አንድ ነገር አለ። ፕሮቲኑ ተመጣጥኖ መኖው ውስጥ ጥቂት ዘይት ሲገባ፣ ጉበት የራሱን ስብ መሥራት ይቀንሳል። የተዘጋጀ ስላገኘ ነዋ! የቅባቱም ዓይነት ለውጥ አለው። ጉልበቱ እኩል ሆኖ የከብት ሞራ የበላች ዶሮ የሆድ ስቧ የአትክልት ዘይት ከበላችው ይበልጣል። የአትክልቱን ዘይት ሰውነቷ አቃጥሎ ይጠቀምበታል፤ ሞራውን ግን ማስቀመጥ ይቀናዋል።

ዕድሜውም አለ። 42ኛው ቀን አካባቢ የሥጋ ዶሮ ለእርድ ደርሳለች። ከዚያ በኋላ የሥጋው ዕድገት እየቀዘቀዘ፣ የስቡ እየፈጠነ ይሄዳል። ሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹ ይብሳሉ። ፋሲካን ጠብቆ መሸጥ ለሐበሻ ዶሮ ይሠራል። ለብሮይለር፣ ለሥጋ ዶሮ ማለት ነው፣ ግን ጫጩቱን ራሱን ከፋሲካ 6 ሳምንት ቀደም ብሎ ማስገባት ነው እንጂ፣ የደረሰውን አስቀምጦ መቀለብ ኪሳራ ነው። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። ጫጩትሽን ጾሙ ከገባ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ብታስገቢ ልክ ለበዓሉ ይደርስልሻል።

እንዳታፍሪ ብዬ የራሴንም ልንገርሽ። አንድ ዓመት የብሮይለር መኖ ከገበያ ጠፋ። አንድ ነጋዴ «መኖ መኖ ነው» አለኝና የእንቁላል ጣይ መኖ ገዛሁ። በላዩ ላይ ከሆቴሎች የተረፈ የደረቀ እንጀራ ጨመርኩበት። ይኼ ሁሉ የሆነው 19 ዓመት መኖ ስደባልቅ ከኖርኩ በኋላ ነው! የጣይ መኖ ፕሮቲኑ 16 በመቶ አካባቢ ነው። ካልሲየሙ ግን ለእንቁላሉ ቅርፊት ተብሎ እስከ 4 በመቶ ይደርሳል። ለብሮይለር 1 በመቶ ገደማ ይበቃታል። ከ60 ዶሮዬ 7ቱ ሞቱ። ከፍቼ ባያቸው ኩላሊታቸው አብጦ ነጭ ኖራ የተረጨበት ይመስላል። የተረፉትም ወፈሩ፤ ግን ሥጋ አልሠሩም። አማቴ ለበዓል አንዷን ወጥ ሠሩ። ቀይ ወጡ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ዘይት ተንሳፈፈ። መላላጫው በማማሰያ ሲነካ ከአጥንቱ ተላቀቀ። አማቴ ድስቱን አየት አድርገው «ይቺ ዶሮ ናት ወይስ የጠቦት ላት?» አሉኝ። እስካሁን ቤተሰብ ሲሰበሰብ ይነሳብኛል።

ወደ መፍትሔው። በቆሎ የራስሽ ከሆነ አትጣይው፤ አጋር ፈልጊለት። እኔ ለፊኒሸር በኩንታል የምጠቀመው እንዲህ ነው። በቆሎ 58 ኪሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር 25 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 13 ኪሎ። የቀረው 4 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ዳይካልሲየም ፎስፌት (የካልሲየምና የፎስፈረስ ማዕድን)፣ ጨውና ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) ነው። ፕሮቲኑ 18 በመቶ ይሆናል። ያ ቅድም ያካፈልነው ቁጥርም 165 አካባቢ ይመጣል። አኩሪ አተርና ኑግ ባልና ሚስት ናቸው። ላይሲንና ሜታዮኒን ፕሮቲን የሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው። አኩሪ አተር ላይሲን አለው፣ ሜታዮኒን ይጎድለዋል። ኑጉ ሜታዮኒን አለው፣ ላይሲን ይጎድለዋል። ላይሲን ሲያንስ መጀመሪያ የሚሟሽሸው ደረቷ ነው። ሆቴሉ የሚፈልገው ደግሞ ደረቱን ነው።

አደራ፣ አኩሪ አተሩን ጥሬውን እንዳትሰጪ። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው። እንደ ቆሎ እኩል ቁይው። የጥሬ አተር ሽታው ሲጠፋ በቃው ማለት ነው።

የቀሩትን 120 ዶሮዎች አስርቤ አከሳለሁ አትበዪ። ኪሎ ታጫለሽ እንጂ ሥጋቸው አያምርም። ዛሬ ነገ ሳትይ ሽጪያቸው። ለሼፉ ስታቀርቢ ደግሞ የሆዱን ስብ አስቀድመሽ አውጪው። ገና ትኩስ ሳለ በእጅ ሲሳብ እንዳለ ይወጣል። አብሽሪ፣ ደንበኛሽ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአንቺ ይሁን እህቴ። እኔ ሐይቅ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን የቆሮሶ ጭንቅላትና አንጀት ሰብስቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ አስፈጭቼ ለዶሮዎቼ እሰጣለሁ። ዕድገታቸው ማሻአላህ ነው። ችግሩ፣ ጎረቤቶቼ ሥጋው ዓሣ ዓሣ ይላል ይሉኛል። በሎሚና በጨው ቢታጠብ ይለቃል?

መልስ፦ ጋሼ፣ አይለቅም። ሽታው ያለው ቆዳው ላይ ሳይሆን ስቡ ውስጥ ነው። አንቱ የሸጡላቸው ዶሮ የለበሰ ዓሣ ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሬ ወይም በግ የበላውን ቅባት ጨጓራው ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ይለዋውጡታል። ስለዚህ በሬው ምንም ይብላ ምን ስቡ ያው ጠንካራ ሞራ ነው። ዶሮ እንዲህ ያለ ጨጓራ የላትም። የበላችው ቅባት ብዙ ሳይለወጥ ገብቶ ስቧ ውስጥ ይቀመጣል። ዓሣ ከበላች የዓሣ ቅባት፣ ኑግ ከበላች የኑግ ቅባት ይገኝባታል። የዓሣ ቅባት ደግሞ አየር ሲነካው ቶሎ ይበላሻል። ሽታውም ሥጋው አድሮ ሲሞቅ ይብሳል። ጎረቤቶችዎ ምናልባት በማግሥቱ የሞቀውን በልተው ይሆናል።

ዓሣውን ግን አይተዉት። ፕሮቲኑ ከየትኛውም የእህል ተረፈ ምርት የተሻለ ነው፤ ላይሲኑም ሜታዮኒኑም ሙሉ ነው። ለጫጩቶቹ ይስጡት። ከጠቅላላው መኖ ከ5 በመቶ አያስበልጡ፤ ማለትም በኩንታል 5 ኪሎ። ከመታረዳቸው በፊት ባሉት 3 ሳምንታት ደግሞ ጨርሰው ያቁሙ። ሌላው፣ አንጀቱን ከማድረቅዎ በፊት ይቀቅሉት። ፀሐይ ብቻውን ጀርም አይገድልም። ያልደረቀ የዓሣ ዱቄት ከከረመ ደግሞ ቅባቱ መኖው ውስጥ እያለ ይበላሻል።

ተልባም ያው ነው፣ እግረ መንገዴን። ተልባ የበላች ዶሮ ለልብ የሚስማማ ቅባት ትይዛለች፣ ደግ ነው። ሲበዛባት ግን እሷም ዓሣ ዓሣ ትላለች። ኑግን በተመለከተ ሽታ የለበትም። ነገር ግን ፋጉሎው ውስጥ የሚቀረው ዘይት ፈሳሽ ዓይነት ስለሆነ የዶሮዋም ስብ ለስላሳና ቅባታም ይሆናል፤ ለማቆየትም አይመችም። ስለዚህ ነው እኔ ቫይታሚን ኢ የሌለው ፕሪሚክስ የማልገዛው። ቅባቱን ከመበላሸት የሚጠብቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከቆቦ ነው። እኛ አገር ማሽላ ስለሚበዛ ዶሮዎቼን በነጭ ማሽላ ነው የማሳድጋቸው። ቆዳቸው ነጭ ሆኖ ገዢ «የታመመ ነው» ይለኛል። ምን ልቀላቅል?

መልስ፦ አልታመሙም፣ ወንድሜ። ቢጫው ቀለም የሚመጣው ከቢጫ በቆሎና ከአረንጓዴ ቅጠል ነው። ነጭ ማሽላ ያ ቀለም የለውም። ግማሹን ማሽላ በቢጫ በቆሎ ተካ፤ ካገኘህ ደግሞ የደረቀ አልፋልፋ ጥቂት ጨምርበት። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅብሃል እንጂ ይመጣል። ለጣዕሙም ለጤናውም ለውጥ የለውም፤ ለገዢው ዓይን ብቻ ነው። ነጩን ማሽላ መምረጥህ ግን ጎበዝ ነህ። ቀዩ፣ ወፍ የማይደፍረው መራራ ማሽላ ታኒን አለበት። ታኒን ፕሮቲኑን አስሮ ይይዘዋል። ፕሮቲን ሲታሰር ምን እንደሚሆን ከላይ ለደሴዋ እህታችን የጻፍኩትን አንብብ።

ጥያቄ፦ የፈረንጅ ዶሮ በሆርሞን መርፌ ነው የሚያድገው ይባላል። እውነት ነው? ለልጆቼ ልስጥ አልስጥ ብዬ ተጨንቄአለሁ።

መልስ፦ ወሬ ነው። የዕድገት ሆርሞን ራሱ ፕሮቲን ነው። በመኖ ቢሰጥ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ተፈጭቶ ያልቃል። እንዲሠራ ከተፈለገ ደጋግሞ መውጋት ያስፈልጋል። እኔ 300 ዶሮ በየቀኑ ስወጋ ይታይሽ! ኮብ 500 የሚባለው የሥጋ ዶሮ ዝርያ በ6 ሳምንት 2 ኪሎ የሚያልፈው ለብዙ ትውልድ ተመርጦ ስለተዳቀለና መኖው ስለተስተካከለ ነው። ለልጆችሽ ስጪ። ስቡን ከፈራሽ ቆዳውን ግፈፊው፤ የዶሮ ስብ የሚበዛው ከቆዳ ሥርና ሆድ ውስጥ ነው። ደረቱ ውስጥ ያለው እዚህ ግባ አይባልም።

ጥያቄ፦ ከባቲ ነው የምጽፍልዎት። የተዘጋጀ ጥሩ መኖ ነው የምሰጠው፣ ምንም አልቀላቅልም። በ45 ቀን እሸጣለሁ። ሰኞ ገበያ ወስጄ የሸጥኩላቸው ሰዎች ግን ሥጋው ነጣ ያለና ውሃ የሚለቅ ነው፣ ድስት ውስጥ ይኮማተራል ይሉኛል። መኖው ይሆን?

መልስ፦ መኖውን አትጠርጥረው። ሙቀቱ ነው። እንዴት አድርገህ እንደምትወስዳቸው አልነገርከኝም፤ እኔ ግን ልገምት። እግራቸው ታስሮ፣ ተዘቅዝቀው፣ ባጃጅ ላይ፣ በፀሐይ። ልክ ነኝ?

ዶሮ ላብ የላትም። የምትቀዘቅዘው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው። ተዘቅዝቃና ፈርታ ስታለከልክ ጡንቻዋ ውስጥ ያለው ስኳር ወደ አሲድ ይቀየራል። እንዲያ ሳለች ስትታረድ፣ ሥጋው ገና ትኩስ እያለ አሲዱ ይበዛበታል። ትኩስና አሲዳም የሆነ ሥጋ ፕሮቲኑ ይጎዳል፤ ውሃ መያዝ አይችልም። ገዢዎችህ የሚያዩት ውሃ እሱ ነው። በቅርጫት ወይም በሳጥን፣ በሌሊት ውሰዳቸው። ገበያ ከደረሱም በኋላ ጥላ ሥር ትንሽ ይረፉ።

መኖው ጨርሶ ንጹሕ ነው ግን አልልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ 1,850 አካባቢ ነው። ባቲ ከእኛም ይወርዳል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይሞቃል። በእናንተ ቀትር የምትበላ ዶሮ ምግቡን ስትፈጭ ራሷ ተጨማሪ ሙቀት ታመነጫለች። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት መኖውን አንሳ። ማለዳና ማታ ይብሉ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፣ አይቋረጥ። ከስታርቹ ጥቂቱን በዘይት የተካ መኖ ካገኘህ ደግሞ ተመራጭ ነው፤ ዘይት ሲፈጭ ሙቀቱ ያንሳል። ሳምንታትን በሙቀት ያሳለፈች ዶሮ ደረቷ አንሶ የሆድ ስቧ ይጨምራል። ስለዚህ ጥላው፣ የቤቱ አየር፣ የጣሪያው ሣር ሁሉ ወደ ሥጋው ይደርሳል። ከመታረዳቸው በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ መኖ ከልክል፤ ውሃ ግን አይከልከሉ። አንጀታቸው ባዶ ስለሚሆን ሥጋው አይበከልም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔም የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ጎረቤት ነን ማለት ይቻላል። ዶሮዎቼ ከሲታ ናቸው፣ ስብም የላቸውም። ጉበታቸው ግን ትልቅ፣ የገረጣና ቢጫማ ነው፤ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። በቆሎው ርካሽ ያገኘሁት ነው፣ ክረምት ላይ ትንሽ ዝናብ ነክቶታል። አጥቤ አድርቄው ነው የሰጠኋቸው።

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ በቆሎውን ዛሬውኑ አቁሚ። ይሄን ደብዳቤ ቀድሜ ማተም ነበረብኝ።

ዝናብ የነካው በቆሎ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። መርዙ ጉበትን ይመታል። ቅድም ጉበት ስቡን ሠርቶ በደም ይልከዋል አላልኩም? የሚልከው በፕሮቲን ጠቅልሎ ነው። መርዙ ያንን ፕሮቲን እንዳይሠራ ያደርገዋል። ስቡ መውጫ ያጣና እዚያው ጉበቱ ውስጥ ይከማቻል። ዶሮዋ ከሲታ፣ ጉበቷ ግን የሰባ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መታጠቡ ሻጋታውን ከላይ ያነሳው ይሆናል። መርዙ ግን ውስጥ ገብቷል። ቆልቼ ልስጥም አትበዪ፤ በቆላሽው ልክ አይጠፋም። ለላምም አትስጪው፣ ወደ ወተቷ ያልፋል። ጉድጓድ ቆፍረሽ ቅበሪው። ዶሮዎቹን ለእንስሳት ሐኪም አሳዪ። ሌላ ጊዜ በቆሎ ስትገዢ እጅሽን እስከ ክርንሽ ጆንያው ውስጥ ክተቺ። ሞቅ ካለሽ ወይም ፍሬው እርስ በርሱ ከተያያዘ ተይው። ጥርስሽ ላይ ስትሰብሪው ቀጭ የማይል በቆሎ አልደረቀም።

ጉበቱን ደግሞ ለድመት እንኳ አትስጪ።